ሣጥኗ ዳገት ስትወጣ

ኦርጋናችንን የተሸከመ ሰው ሁሉ ረግሞናል። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ የማውቃቸው የሚኒባስ ረዳቶች እኔን ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ጠልተውኝ አይደለም፤ ያንን ረጅም ጥቁር ቦርሳ ፈርተው ነው። ጣሪያ ላይ ቢጭኑት ይሰበራል ብዬ እጮኻለሁ፣ ውስጥ ቢያስገቡት የተሳፋሪ ወንበር ይይዛል። በዚያ ላይ ጄኔሬተር አለ፣ ስፒከር አለ፣ የኤክስቴንሽን ገመድ አለ። እኔና እህቴ ሠርግ ልንሠራ ስንወጣ ቤት የምንቀይር እንጂ ዘፋኞች አንመስልም ነበር።

እህቴ ትዘፍናለች፣ እኔ እጫወታለሁ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ። ትዝታ ስትጀምር ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ይቀራል። ይህን የምለው እህቴ ስለሆነች አይደለም፤ እሺ፣ ስለሆነችም ነው። በአዘቦት ቀን ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ባለችኝ ጠባብ ሱቅ ስልክ እየጠገንኩ፣ በሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን እየጫንኩ እውላለሁ። የሠርግ ወር ሲገባ ሱቁን ቆልፌ ከእታለም ጋር እዞራለሁ።

ታዲያ የእኛ ሥራ መኪና መንገድና መብራት የሚያልቁበት ቦታ ላይ አብሮ ያልቅ ነበር። እናታችን የተወለደችው ከመርሳ በላይ፣ ሀብሩ ውስጥ፣ በእግር ብቻ የሚወጣ ዳገት ላይ ባለ መንደር ነው። የዚያ መንደር ዘመዶቻችን በየዓመቱ ይጠሩናል፤ እኛም በየዓመቱ ጄኔሬተሩ አይወጣም ብለን እንቀራለን። የእናቴ አጎት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ አግኝተውን፣ «ለባዳ ትዘፍናላችሁ፣ ለእኛ ሲሆን ጄኔሬተር ይከብዳችኋል» አሉን። እኔ ሳቅኩ። እታለም ግን አልሳቀችም።

ሣጥኗ የመጣችው በሁዳዴ ቅበላ ሰሞን ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በተጧጧፈበት ዘመን አንድ አብሮ አደጌ ሐራ ካለው ካምፕ በሹፌርነት ይሠራ ነበር። ከሚያመላልሳቸው ሰዎች አንዱ ጊታር የሚወድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ለዕረፍት አገሩ ሄዶ ሲመለስ አዲስ ዕቃ ገዝቶ መጣ። ጓደኛዬ እየመራ ሱቄ አስገባውና ዕቃዋን ከተበተኑ የስልክ ቀፎዎች መሀል አስቀመጣት። ከአንድ የልብስ ሳሙና አትበልጥም። ጀርባዋ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፣ ፊቷ ላይ አሥራ ስድስት የጎማ ቁልፎችና ጥቂት የሚሽከረከሩ ጉጦች አሉ። ግሩቭቦክስ ትባላለች አለኝ። ሪትም ትሠራለች፣ ድምፅ ትቀዳለች፣ የቀዳችውን እየመላለሰች ታጫውታለች። አንድ ሙሉ ባንድ ኪስ ውስጥ ማለት ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ብሏል።

«ማስተካከያው የት ነው?» አልኩት፤ ምንም የሚነበብ ነገር አጥቼባት ነበር። ጓደኛዬ አስተረጎመልኝ። ማስተካከያው ስልክ ላይ ነው፤ አፕ ይጫናል፣ አፑ በብሉቱዝ ከሣጥኗ ጋር ይገናኛል፣ የሚሠራው ሁሉ እዚያ ይሠራና ወደ ሣጥኗ ይላካል። «ያለ ስልክስ?» አልኩ። መሐንዲሱ መዳፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አወዛወዘ። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ሰውየው ገንዘብ አልፈለገም። ሐራ ላይ አንድ ሠርግ ስንሠራ ኦርጋናችንን አይቶ ኖሯል፤ ለካምፑ ማረፊያ ክፍል ፈልጎታል። ኦርጋኑን ልስጠው፣ ሣጥኗን ልውሰድ። ሁለቱን መያዝ የለም። እስከ ግንቦት መግቢያ ሞክራት፣ ካልተስማማችህ ትመልስልኛለህ ብሎኝ ሄደ። እታለም ስትሰማ ሣጥኗን አንስታ እንደ እንቁላል አገላበጠቻትና፣ «ይቺ ናት ኦርጋናችንን የምትበላው?» አለች።

ሁዳዴ ለሠርግ ዘፋኝ የሥራ ፈት ወራት ነው። ሱቄ የሚመጣው ሰው እንኳ ሚሞሪው ላይ ያለውን ዘፈን አስጠርጎ መዝሙር አስጭኖ ይሄዳል። እኔም ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ሣጥኗን መፈተሽ ጀመርኩ። ከውጭ ለሚያይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነኝ፤ ከውስጥ ግን ዳስ ተጥሏል። አንድ ቀን እናቴ ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ደረሰችብኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሥራ ነው እማዬ። ምንም ድምፅ የለውም፣ ስሚው።»

«በጆሮህም ብትዘፍን ዘፈን ነው» አለችና ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ቢሆንም በነጋታው በመስኮት ቆማ ስታየኝ ነበር፤ ያዘነች አትመስልም።

ስለ አፑ ልናገር። ስሞታም ምስጋናም አለኝ። ስከፍተው የዓለም ቅኝት ሁሉ ተደርድሮበታል፤ የጃፓን አለ፣ የዓረብ አለ፣ ስሙን ማንበብ ያቃተኝ አለ። አምባሰል የለም። ተራራው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ተገትሮ፣ ቅኝቱን አገር ምድሩ እየዘፈነው፣ አፑ ውስጥ ግን የለም። ደሜ ፈላ። ሣጥኗን ያኔውኑ ለመሐንዲሱ ልመልሳት ነበር። ንዴቴ ሲበርድልኝ ግን ከታች፣ ከሁሉም ግርጌ፣ የራስን ቅኝት መሥሪያ ቦታ አገኘሁ። የማይፈለገውን ድምፅ እያጠፋህ የሚፈለገውን ታስቀራለህ። አምባሰል ውስጥ የማይገባውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁና ወደ ሣጥኗ ላክሁት።

ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቁልፍ ብጫን የሚወጣው አምባሰል ብቻ ሆነ። ተሳስቼ እንኳ በአምባሰል ነው የምሳሳተው! በአማርኛ አምባሰል ብዬ ስሙን ስጽፍ አፑ ፊደላችንን ስለማያውቅ ባዶ ሣጥኖች ደረደረልኝ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩለት። ሥራው በሌላ አገር በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ቢሆንም፣ ያቺ አንዲት መስመር ግን የእኔ ናት። ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ፤ የሚያፌዝ ያፊዝ።

ችክችካውም መላ አስፈልጎት ነበር። ሣጥኗ ስትፈጠር የምትቆጥረው በአሥራ ስድስት ነው፤ እስክስታ በዚያ አይወረድም። አፑ ላይ ገብቼ ዙሩን ወደ አሥራ ሁለት ሳሳጥረው ነገሩ ቦታው ገባ፤ የእኔም ትከሻ መሰከረ። ስሞታዬ ደግሞ ይኸውላችሁ። አፑ በየጊዜው ኢሜይልህን አስገባ ይላል። አዲስ ዕትም ወጥቷል፣ ካላወረድክ ወይ ፍንክች ይላል። በዚያ ሰሞን የሞባይል ዳታ አንድ ሳምንት ቢለቀቅ ሌላ ሳምንት ይዘጋ ነበር፤ መብራቱም ያው የምታውቁት ነው። አፑን የሠራው ሰው በሕይወቱ ወልድያን አላየም፤ ሀብሩንማ ተዉት።

ይህን ሁሉ ሳልጨነቅበት የቆየሁት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለምሞክር ነው። ጉዱ የታየው በጾሙ አጋማሽ ነው። የአባባ የልጅ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነበርና እናቴ ለጠላው የሚሆን ጌሾ አዘጋጅታ በእኔና በእታለም ላከች። እሷ ራሷ መውጣት ካቆመች ቆይታለች፤ ጉልበቷ ዳገት አይችልም። መርሳ ድረስ በሚኒባስ ሄደን፣ ከዚያ ጌሾውን ተካፍለን ተሸክመን ወጣን። እመንገድ ላይ ካለች ምንጭ ስንደርስ አረፍ አልን። ሣጥኗን ከኪሴ አወጣሁ፤ እታለም ሄድፎኑን እንድታደርግ ለመንኳት። የሠራሁትን ሁሉ ላሰማት ጓጉቼ ነበር።

አፑን ስከፍት ኢሜይል አስገባ አለኝ። አስገባሁ። ኔትወርክ የለም። ዘግቼ ከፈትኩ፤ ያው ነው። የደከምኩበት ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሣጥኗ ላይ የነበሩት አምባሰሉና እንደ ዋዛ የላክኋቸው ሁለት ሦስት ሪትሞች ብቻ ናቸው። እታለም ሄድፎኑን አውልቃ በሳቅ ፈነዳች።

«ይኸው! ኔትወርክ ሲመጣ ባንድ፣ ኔትወርክ ሲሄድ ሳሙና!»

እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመችና ወደ መንደሩ ቀና ብላ አየች።

«ስማኝ ወንድሜ። ደሴ ያሉት ልጆች ደውለውልኝ ነበር። ባንድ አላቸው፣ መኪና አላቸው። ዘፋኝ ይፈልጋሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እስከ ፋሲካ ታገሡኝ ነው ያልኩት። ዕቃ ስንጎትት፣ መብራት ስንፈልግ፣ የገዛ ዘመዶቻችንን አንችልም ስንል ሰልችቶኛል። የአባባን ሠርግ በሣጥንህ ከሠራንላቸው እቀራለሁ። ካልሆነ ግን ኦርጋኑን ይዘህ ቅር፣ እኔ እሄዳለሁ።»

ፈራሁ። እታለም ሄደች ማለት እኔ ስልክ ጠጋኝ ሆንኩ ማለት ነው። ከዚያም በላይ ድምፅዋን ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዋ ቆሜ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሌላ ሰው ጣት ሲያጅባት ማሰብ አቃተኝ። አፌን ሞልቼ ግን፣ «ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«ደግሞ አባባ ግጥም ሲሰጡ ታውቃለህ አይደል?» አለች ጌሾዋን እያነሳች። «ሣጥንህ ትጠብቃቸዋለች?»

ይህ ነበር እውነተኛው ጥያቄ። በእኛ አገር ሠርግ ላይ ዘፋኝ ብቻውን አይዘፍንም። ከታዳሚው መሀል አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበይ!» ይልና ከራሱ ያፈለቀውን ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኟ ተቀብላ በዜማ ትመልስለታለች። አባባ በዚህ የታወቁ ናቸው። አንዷን ስንኝ ይሉና ጢማቸውን ይዘው ዝም ይላሉ። ሁለተኛዋ ስንኝ የምትመጣው እሳቸው ሲፈልጉ ነው። እስከዚያ ድረስ አጃቢው ዜማውን አውርዶ፣ ሳያቋርጥም ሳይቸኩልም መጠበቅ አለበት። እኔ በኦርጋን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መጠበቅ እችላለሁ። ሣጥኗ ግን ዓይን የላትም።

ወልድያ ተመልሼ ነገሩን እንደገና መዘንኩት። ስልኩ መሥሪያ ነው፣ ሣጥኗ ማጫወቻ ናት። ስህተቴ ሁለቱንም ዳስ ውስጥ ይዤ ለመግባት ማሰቤ ነበር። መሥሪያ ከተማ ውስጥ ይቅር፤ ዳገት የምትወጣዋ ሙሉ ሆና ትውጣ። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ሣጥኗ መላክ ያዝኩ። ለእያንዳንዷ ቁልፍ አንድ ሥራ ሰጠሁ፤ ይህቺ የአምባሰሉ መንደርደሪያ፣ ይህቺ ችክችካው፣ ይህቺ የሙሽራ ማስገቢያው። ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ ያለ እሱ እለማመድ ነበር። ሰው ሲገባ ሲወጣ ጨለማ ውስጥ በር እንደሚዳብስ ቁልፎቹን በጣቴ አጠናኋቸው።

አንዲት ቁልፍ ብቻ ባዶ ቀረች፤ የአባባ መጠበቂያ። ለእሷ አፑ ውስጥ ያለውን የእጅ ጭብጨባ ሞከርኩ። እታለም ሰምታ፣ «ይህ ጭብጨባ ሳይሆን ጣሪያ ላይ የወደቀ ጠጠር ነው» አለች። ልክ ነበረች። ጭብጨባው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው የለበትም። ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ፋሲካ ዋለ። ተፈስኮ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ እናቴ እጇን አድርቃ መጣችና፣ «በል አምጣት ያቺን ሣጥን፤ አሁን ተፈቅዷል» አለችኝ። ለካ ጾሙን ሙሉ ስትጠብቅ ኖሯል። ሁለት ጎረቤቶቿን ጠርታ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኔ የሣጥኗን ማይክሮፎን አቅርቤ፣ «አሁን አጨብጭቡ» ስላቸው እናቴ ተቆጣችኝ።

«ማጨብጨብ እንዲህ በትእዛዝ ይጀመራል እንዴ? ልጄ ትዝፈን እንጂ!»

እታለም ቀስ ብላ አንጎራጎረች። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠችና ገባች። ጎረቤቶቿ እሷን ተከተሏት። የእናቴ እጅ ሰፊ ነው፤ ሲገናኝ ድምፁ ደረቅ ሳይሆን ሞላ ያለ ነው። ሁሉም ካቆሙ በኋላ እሷን ብቻዋን አስደግሜ ቀዳኋት።

«ሠርጉ ላይ እሰማሻለሁ እማዬ» አልኳት።

«ጉልበቴ ሠርግ አይወድም ልጄ፤ ምን ይደረግ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ሰሃን ማንሣት ጀመረች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ብዙ ቆየች። የተወለደችበት ቤት ዳስ ሊጣልበት ነበር። በዚያ ቤት የሚደረግ የመጨረሻው ሠርግ ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ አባባ አርጅተዋል።

ያን የተቀዳ ጭብጨባ አፑ ላይ ስከፍተው ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀር ሆኖ አገኘሁት። ምቱ ሲደርስ የእናቴ እጅ አብሮት አይደርስም፤ ለጥቂት ዘግየት ብሎ ይመጣል። አፑ ይህን አይቶ ላስተካክለው ወይ አለኝ። እኔም እንደ አዋቂ እሺ አልኩት። አንድ ጊዜ ነክቶት ሁሉንም ምት በመስመር ላይ ሰካው። ሰማሁት። የእናቴ እጅ ነው፣ እናቴ ግን የለችበትም። ጠጠሩ ተመልሶ መጥቷል።

ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያቺ መዘግየት ስህተት አይደለችም። የእናቴ አገር ሰዎች እንደዚያ ነው የሚያጨበጭቡት፤ ዘፋኙ ቃሉን ተናግሮ እስኪጨርስ በአክብሮት ትንሽ ይቆዩና ነው እጃቸው የሚገናኘው። በልጅነቴ እዚያ መንደር ዳስ ውስጥ እናቴ ጭን ላይ ተኝቼ ስሰማው የኖርኩት እሱን ነው። አፑ ያስተካከለውን መለስኩና እንደነበረ ወደ ባዶዋ ቁልፍ ላክሁት። ስለ ሣጥኗ ከወሰንኳቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፤ አስተካክል ባለበት ቦታ እምቢ ማለቴ።

የሠርጉ ዕለት ኦርጋኑ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ቤት ቀረ። እኔ ሣጥኗን በጃኬቴ ኪስ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ በሌላው ኪስ አድርጌ ወጣሁ። ከተማ ቻርጅ አድርገናት የመጣችውን፣ ያለ ጄኔሬተር የምትሠራ ትንሽ ስፒከር መርሳ ላይ የጠበቀን የአባባ ሙስሊም ጎረቤት በአህያው ጫናት። ሰውየው የእሷንም የእኔንም ፊት አይቶ፣ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ምን ያስፈራችኋል? ሠርግ እኮ ነው!» ይለናል።

ዳሱ ውስጥ ስንገባ ሰው ከኋላችን የሚመጣ ዕቃ ካለ ብሎ በር በሩን ያያል። «ሙዚቃው የታለ?» አለች አንዲት አክስት። ሣጥኗን አወጣሁላት። «እሺ፣ ሙዚቃው የታለ?» ብላ ደገመችልኝ። ለማንኛውም ብዬ አፑን ከፈትኩት። አዲስ ዕትም ወጥቷል፣ አውርድ አለኝ። ከልቤ ሳቅኩ። ስልኩን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ሠርጉ እስኪያልቅም አልነካሁትም።

የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስጫን ስፒከሯ ችክችካውን ዳሱ ውስጥ ለቀቀችው። እታለም ገባች። ሙሽራዋ ስትገባ አንዷን፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ሌላዋን፣ ጣቴ ሳይሳሳት ሄደ። ትከሻዎች ተነሡ። ያቺ አክስቴ ከሁሉ ቀድማ መሀል ገብታ ኖሯል። ጥሩ ነበር። እታለም ግን አሁንም አታየኝም፤ ዓይኗ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት አባባ ነው።

በመጨረሻ አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። እኔ ሁሉንም አውርጄ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫንኩ። የእናቴ ጭብጨባ ብቻ ቀረ፤ ዘግየት፣ ሞላ እያለ ይዞር ጀመር። አባባ «ተቀበይ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ጆሯቸውን ወደ ስፒከሯ አዘነበሉ።

«ይህ የእኛ አገር እጅ ነው» አሉ። «ማን ነው የሚያጨበጭበው?»

«እማዬ ናት፣ አባባ» አለች እታለም። «መምጣት ስላቃታት እሱ ቀድቶ አመጣልዎት።»

አባባ ሣጥኗን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ተቀበይ!» አሉ፤

«እግሯ ቢቀር ከታች፣ ዳገቱ ቢከብዳት፣»

እንዳሉም ጢማቸውን ያዙ። ዝም አሉ። የእናቴ እጅ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ሙሽራዋ አንገቷን ሰብራ ታዳምጣለች። እኔ እጄን ከሣጥኗ ላይ አንስቼ ቆምኩ፤ የሚነካ ነገር አልነበረም። ሳይቸኩል፣ ሳይሰለች፣ እናቴ አጎቷን እየጠበቀች ነው። ዳሱ ውስጥ ያሉ ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ በዚያው መዘግየት አብረዋት ማጨብጨብ ጀመሩ። የእሷን እጅ ከእነሱ እጅ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ተቀላቀለ። አባባ ጢማቸውን ለቀቁት፤

«እጇን ልካልናለች፣ ልጇ ተሸክሟት።»

እታለም ተቀበለች። የመጀመሪያውን ስንኝ አሳምራ አወጣችው። ሁለተኛው ላይ «ልጇ» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወደ እኔ ዞራ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከዚያም እንደገና ከሥር ጀምራ ዘፈነችው። እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። እኔ አለቀስኩ፤ የማፍርበት ነገር የለም። ያ ሙስሊም ጎረቤት «ማሻ አላህ» እያለ ትከሻዬን ይደበድበኛል። በዚያ ዳስ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የኮራ ሰው ቢኖር ሙሽራው ብቻ ነው፤ እሱንም እጠራጠራለሁ።

እዚያው አድረን በነጋታው ወረድን። ሣጥኗን የያዘችው እታለም ናት፤ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ከብብቷ ሥር አድርጋታለች። ያቺ ምንጭ ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

«አፑ አንድ ቀን ቢጠፋስ? ይህ ስልክ ሲያረጅ፣ የሠሩት ሰዎች ሲተዉትስ?»

«አዲስ ነገር አልጨምርባትም ማለት ነው» አልኳት። «ያላት ግን አላት።»

«ኦርጋኑን ለሰውየው ስጠው» አለች። «ለደሴዎቹ ደግሞ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ይህን ብላ ቁልቁለቱን ወረደች። እኔም ከኋላዋ፣ ባዶ እጄን፣ ምንም ሳልሸከም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። ስለ ሙሽራዋ አልጠየቀችም፣ ስለ ድግሱ አልጠየቀችም።

«እጄ ከዘፈኑ ወጣ እንዴ?» ነው ያለችው።

«አልወጣም እማዬ።»

እታለም እዚያው ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ የአባባን ግጥም በዜማ አደረሰችላት። እናቴ ሁለቱንም ስንኝ አዳመጠች። ከዚያ እጆቿን ገልብጣ መዳፎቿን ብዙ አየቻቸውና፣

«እኔ እኮ ሠርጉ አመለጠኝ ብዬ ነበር» አለች።